ሐረርና አካባቢዋ በመንገደኞች ፎቶግራፍ

ሐረርን ሊያይ የመጣ መንገደኛ ባዶ እጁን አይመለስም። ቡና ወይም ስፌት ባይገዛ እንኳ ፎቶግራፍ ይዞ ይሄዳል። ይህ ልማድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ከታወቁት የሐረር ፎቶግራፎች የቀደሙት ከተነሡ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ሆኗል። በዚህ ሁሉ ዘመን የከተማዪቱ ግንብ፣ በሮቿ፣ ገበያዎቿ፣ ቤቶቿና ሰዎቿ፣ ከግንቡም ውጭ ያሉት ተራሮች፣ እርሻዎችና ሐይቆች በብዙ እጅ ተነሥተዋል። ነገር ግን የፎቶግራፉ መብዛት ስለ ከተማዪቱ ያለውን ዕውቀት በዚያው ልክ አላበዛውም። ምክንያቱም ከነዚህ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ መቼና ከየትኛው ስፍራ እንደ ተነሡ፣ በውስጣቸው የሚታየውም ሰው ማን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ጽሑፍ የላቸውም። ጽሑፍ ካላቸውም አንዳንዱ ጽሑፍ የተሳሳተ ነው።

ይህ ጽሑፍ ፎቶግራፍ ወደ ሐረር እንዴት እንደ ገባ፣ የከተማዪቱና የአካባቢዋ አቀማመጥ ለፎቶግራፍ አንሺ ምን እንደሚያሳየውና ምን እንደሚሰውርበት፣ እንዲሁም የመንገደኛ ፎቶግራፍ ለባህል ጥናት ምስክር ይሆን ዘንድ ምን እንደሚያስፈልገው ባጭሩ ይገልጻል። ዓመታቱ ሁሉ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የከተማዪቱ አቀማመጥ

ሐረር ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ትገኛለች። በስተ ደቡብዋ የሐኪም ተራራ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ምድሩ ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል፤ ከዚያም ወዲያ የባቢሌ ቆላ ይከተላል። ስለዚህ ከተማዪቱ የደጋውና የቆላው መገናኛ ናት ማለት ይቻላል። ከደጋው ቡና፣ ጫት፣ ማሽላና አትክልት፣ ከቆላው ደግሞ ግመልና ፍየል ወደ ገበያዋ ሲመጣ ኖሯል። ነዋሪዎቿ ሐረሪዎች ከተማቸውን በራሳቸው ቋንቋ ጌይ ይሏታል።

አሮጌዋ ከተማ በጀጎል ግንብ የተከበበች ናት። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠራው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደ ሆነ በከተማዪቱ ይነገራል። የግንቡ ዙሪያ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን በውስጡ የተከለለው መሬት 48 ሄክታር ነው። በዚህ ጠባብ ስፍራ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የወልዮች መካነ መቃብርና ማረፊያ መኖራቸው ተመዝግቧል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2006 የጀጎልን ከተማ በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በ2023 ደግሞ ሐረሪዎች ከረመዳን በኋላ የሚያከብሩት የሹዋሊድ በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከነዚህ ምዝገባዎች በኋላ ካሜራ ይዞ የሚመጣው እንግዳ ትኩረት በግንቡና በበዓሉ ላይ ቢያርፍ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ፎቶግራፍ ወደ ሐረር እንደ ገባ

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ወደ ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሲቀመጥ ካሜራ አልያዘም ነበር። ያየውን በቃላት ጽፎ በሚከተለው ዓመት በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ የነበሩት አውሮፓውያን አንባቢዎች ሐረርን ለብዙ ጊዜ ያወቋት በዚህ አንድ ሰው ብዕር ነው፤ የጻፈውን በሌላ ምስክር ሊያመሳክሩት አልቻሉም።

ግብጾች በ1875 ከተማዪቱን ያዙ፤ እስከ 1885 ድረስም ገዟት። በዚህ ጊዜ የውጭ አገር ነጋዴዎች በከተማዪቱ መቀመጥ ጀመሩ። ከነርሱም አንዱ ቀድሞ በአገሩ ገጣሚ የነበረው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። እርሱም በኤደን ወደብ በነበረ አንድ የቡና ንግድ ቤት ተቀጥሮ በ1880 መጨረሻ ሐረር ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከፈረንሳይ ካሜራ አዝዞ በ1883 የጸደይ ወራት ሥራውን ጀመረ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለቤተ ሰቡ ሦስት የራሱን ምስሎች ልኳል። በአንደኛው በቤት ሰገነት ላይ፣ በሁለተኛው በቡና ተክል መካከል፣ በሦስተኛውም በሙዝ ተክል መካከል ቆሞ ይታያል። ምስሎቹ ግን ነጣ ያሉና የደበዘዙ ነበሩ። ምክንያቱንም ራሱ ሲገልጽ ለማጠቢያ ያገኘው ውሃ መጥፎ በመሆኑ ነው ብሏል።

ይህን ነገር ለመረዳት የዚያን ዘመን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ምስሉ በመጀመሪያ የሚያዘው ብርሃን የሚለውጠው የብር ውሁድ በተቀባ መስተዋት ላይ ነበር። ከመስተዋቱም ወደ ወረቀት ይገለበጣል። ብርሃን ያልነካው የብር ውሁድ በመድኃኒት ከሟሟ በኋላ፣ መድኃኒቱ ራሱ በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጥቦ መውጣት አለበት። ውሃው ቆሻሻ ወይም ጥቂት ከሆነ በወረቀቱ ላይ የሚቀረው መድኃኒት ምስሉን እያደር ይበላዋል። ስለዚህ የ1883 ፎቶግራፎች የሐረርን መልክ ብቻ ሳይሆን የሐረርን የውሃ ችግር ጭምር በላያቸው ይዘው ቀርተዋል። የውሃው ጉዳይ ከዚህ በታች እንደገና ይነሣል።

ራምቦ ከራሱ ሌላ የአው አባድርን መካነ መቃብር ጉልላትና ዳቡላ የሚሠራ አንድ ሠራተኛ አንሥቷል። ዳቡላ ለዕቃ መጫኛ የሚሆን የቆዳ ከረጢት ነው። ሠራተኛው በሥራው መካከል ተቀምጦ ይታያል፤ በፎቶግራፉ ላይ ግን የሥራው ዓይነት እንጂ ስሙ አልተጻፈም። ራምቦ በ1885 ካሜራውን ሸጠ፤ የፎቶግራፍ ሥራውም በዚሁ አበቃ። እርሱ በግጥሙ ዝነኛ በመሆኑ የራሱ ምስሎች በብዙ መጻሕፍት ታትመዋል። ለባህል ተመራማሪ ግን ይበልጥ የሚጠቅሙት ሌሎቹ ናቸው። የራሱ ምስል እንኳ ለእርሻ ታሪክ ተማሪ ዋጋ የሚኖረው ከጀርባው ባለው የቡና ተክል ምክንያት ነው።

በ1885 ኦስትሪያዊው ሊቅ ፊሊፕ ፓውሊችኬ ለጥናት ወደ ሐረር መጣ፤ በ1888ም ስለ ጉዞው ሰፊ መጽሐፍ አሳተመ። በመካከሉ፣ በጥር 1887፣ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከተማዪቱን ያዙ፤ አስተዳደሯም ለመኮንን ተሰጠ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ የመንገደኛው ቊጥር በዛ። ሐዲዱ ተራራውን ሽሽት ሐረርን ትቷት ቢያልፍም፣ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለእንግዳ የሚከብድ አልነበረም።

በዚህ ዘመን የፖስታ ካርድ ንግድ ተስፋፋ። የፖስታ ካርዱ ፎቶግራፍ ሰውን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዓይነት ይመለከታል። ከሥሩ የሚጻፈውም «የሐረር ሴት» ወይም «የገበያ ነጋዴ» የሚል ነው። ገዢው ሩቅ አገር ላለ ወዳጁ የሚልከው አንዲት ሴት የሐረርን ሴቶች ሁሉ ወክላ እንድትታይ ነው። እንዲህ ያለው ካርድ ስለ ልብስ፣ ስለ ጌጥና ስለ ጠጉር አሠራር ብዙ ያስተምራል። ነገር ግን ጌጡ የሙሽራ ይሁን የአሮጊት፣ የዘወትር ይሁን የበዓል፣ የራስዋ ይሁን ለፎቶግራፉ የተዋሰችው ካልታወቀ ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል።

ግንቡ፣ በሮቹና ብርሃኑ

የጀጎል ጥንታውያን በሮች አምስት ናቸው። በስተ ምዕራብ ያለው በሐረሪ አስማዲን በሪ፣ በአማርኛ ሸዋ በር ይባላል። በስተ ሰሜን ያለው አሱም በሪ ወይም ፈላና በር፣ በስተ ምሥራቅ ያለው አርጎብ በሪ ወይም ኤረር በር ነው። በደቡብ ምሥራቅ ሱቁጣጥ በሪ ወይም ሰንጋ በር፣ በደቡብም በድሪ በሪ ወይም ቡዳ በር ይገኛሉ። ከነዚህ ሌላ ለመኪና ማለፊያ በኋለኛው ዘመን የተከፈተ ሰፊ በር አለ። ብዙ እንግዶች በመጀመሪያ የሚያነሡት ይህንኑ ሰፊ በር በመሆኑ፣ አዲሱ በር የጥንታዊቱ ከተማ ምልክት ተደርጎ ሲታይ ይገኛል።

አንድ በር ሁለትና ሦስት ስም መያዙ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለው። ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና ሶማሌው በአንድ በር ሲያልፉ እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ይጠራዋል። ስለዚህ የበሩን ስም የሚጽፍ ፎቶግራፍ አንሺ ስሙን ከማን እንደ ሰማው ጨምሮ ቢጽፍ መልካም ነው። በሩም ድንጋይ ብቻ አይደለም። በማለዳ ጫት፣ እንጨት፣ ወተትና አትክልት የተሸከሙ የገጠር ሴቶች በበሮቹ በኩል ይገባሉ፤ ወደ ማታም ጨው፣ ስኳርና ጨርቅ ገዝተው በዚያው ይወጣሉ። ሰው እስኪያልፍ ጠብቆ ባዶ በር የሚያነሣ እንግዳ ጥሩ የሕንፃ ሥዕል ያገኛል። በሩ የተሠራበትን ምክንያት ግን ያጣዋል።

ብርሃኑን በሚመለከት፣ ሐረር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ ወርና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በቀትር ከአናት በላይ ትቆማለች። በነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል በክረምቱ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን፣ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከዚህ የተነሣ ከውጭ ሆኖ ኤረር በርን ለሚያነሣ ሰው ማለዳ፣ ሸዋ በርን ለሚያነሣ ደግሞ ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ ይስማማዋል። ወደ ሰሜን የሚያየው ፈላና በር ግን በበጋ ወራት የውጭ ፊቱ አብዛኛውን ቀን ጥላ ነው። ስለዚህ አንድ የፈላና በር ፎቶግራፍ ቀን ባይጻፍበትም፣ የውጭ ግድግዳው በቀትር ፀሐይ ከበራ በበጋ እንዳልተነሣ አስተውሎ ለሚመለከተው ይገለጥለታል።

በጀጎል ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች ብዙዎቹ እጅግ ጠባቦች ናቸው። በማለዳና በማታ አንደኛው ግድግዳ ሌላውን ስለሚጋርደው መንገዱ ሁሉ ጥላ ይሆናል፤ በቀትር ብቻ ብርሃኑ እስከ መሬት ይወርዳል። ግድግዳዎቹም በየጊዜው ኖራ ወይም ቀለም ይቀባሉ። ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ግድግዳ ለመንገደኛ ካሜራ ደስ የሚያሰኝ በመሆኑ ከሐረር ምስሎች መካከል ብዙውን ጊዜ የሚታየው ይኸው ነው። ካሜራ የማይዘው ነገር ደግሞ አለ። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ተቀምጠው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች የመኪና ድምፅ ነው። የዚህን መንገድ ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው ስሙና የስሙ ምክንያት ካልተጻፈለት በቀር ዋናውን ነገር አያገኘውም።

የቤቱ ውስጥና ሰዎቹ

የሐረሪ ቤት ለውጭ ሰው የሚያሳየው ከፍ ያለ አጥርና አንድ በር ነው። ጌጡና ክብሩ ያለው በውስጡ ነው። ግድር ጋር በሚባለው ትልቁ ክፍል ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ በላያቸውም ሰው የሚቀመጠው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ነው። መደቦቹ ቀይ አፈር ይቀባሉ፤ ይህም በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ እንደ ሆነ በከተማዪቱ ይነገራል። በግድግዳው ላይ ሴቶች የሰፏቸው ስፌቶችና ልዩ ልዩ ሳህኖች በሥርዓት ተሰቅለው ይታያሉ።

እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺ በቀላሉ ስሕተት ሊያስገባ ይችላል። ብርሃን የሚገባው በበሩ በኩል ስለሆነ፣ ምስሉ እንዲያምር ብሎ አንዲትን ልጅ ለሽማግሌ በተለየው መደብ ላይ ያስቀምጣል፤ ወይም ስፌቱን ከተሰቀለበት አውርዶ በወለሉ ላይ ይደረድራል። ለርሱ ይህ ጥቂት ማስተካከያ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግን ፎቶግራፉን የሚያገኝ ተማሪ ልጆች በዚያ መደብ ላይ ይቀመጡ ነበር፣ ስፌትም በወለል ላይ ይቀመጥ ነበር ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚነሣ ፎቶግራፍ ያለውን እንዳለ ሊይዝ ይገባል። የተለወጠ ነገር ካለም መለወጡ መጻፍ አለበት።

ፈቃድን መጠየቅ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። በገበያ ያለች ሴት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስትስብ ወይም ጀርባዋን ስትሰጥ መልስ መስጠቷ ነው፤ ቃል እስክትናገር መጠበቅ አያስፈልግም። በወልዮች ስፍራ የሚደረገው ዚክርም ጸሎት እንጂ ትርኢት ባለመሆኑ፣ ያለ ሽማግሌዎቹ ፈቃድ ካሜራ ማውጣት ነውር ነው። እንግዶች ለፎቶግራፍ ገንዘብ መክፈል ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ሌላ ችግር ታይቷል። ገንዘብ የተቀበለ ሰው ከፋዩ የሚወደውን መልክ ይዞ ይቆማል፤ ከፋዩም ያንን የዘወትር ኑሮ ነው ብሎ ይወስደዋል። ተከፋዩ እዚህ ላይ ጥፋት የለበትም፤ ጊዜውንና ፊቱን ሰጥቶ ዋጋውን ተቀበለ። ስሕተቱ የሚመጣው ስምምነቱ ከፎቶግራፉ ጋር ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

የጅብ ማብላት ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በግንቡ ሥር ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በአሹራ ዕለትም ለጅቦች ገንፎ የማቅረብ የቈየ ልማድ አለ። በየሌሊቱ ከግንቡ ውጭ በእንግዶች ፊት ለጅብ ሥጋ ማጉረስ ግን በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የተጀመረ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንደኛው የማኅበረ ሰቡ ሥርዓት፣ ሁለተኛው የጥቂት ሰዎች ሙያና መተዳደሪያ ነው። የሌሊቱ ፎቶግራፍ «የጥንት ልማድ» ተብሎ ሲታተም ሁለቱ ይደባለቃሉ። ከዚህም በላይ፣ የጅቡ ምስል ከመብዛቱ የተነሣ በሩቅ አገር ያለ ሰው ሐረርን ከመስጊዷና ከገበያዋ ይልቅ በጅቧ ያውቃታል።

ከግንቡ ውጭ ያለው ምድር

ከተማዪቱን ከነአካባቢዋ በአንድ ምስል ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ሐኪም ተራራ ይወጣል። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲመለከት የጀጎል ቤቶች ተጠጋግተው፣ ከግንቡ ውጭም አዲሱ ከተማ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ይታየዋል። በበጋ ወራት ፀሐይ በተመልካቹ ጀርባ ስለምትሆን ከተማዪቱ በግልጥ ትበራለች፤ አየሩ ግን አቧራማ ይሆናል። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመስከረም አየሩ የጠራ፣ ማሽላውም ቁመቱ የረዘመ በመሆኑ እርሻውን ለማንሣት የሚመረጠው ያ ወቅት ነው። ከመኸር በኋላ የተነሣው ምስል ምድሩን ባዶ ያደርገዋል። ሁለቱን ምስሎች ያለ ወራቸው ጎን ለጎን ያየ ሰው አገሩ ከልምላሜ ወደ ድርቀት ተለወጠ ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ የተለወጠው ግን ወሩ ብቻ ነው።

እውነተኛ ለውጥ የሆነውንም ፎቶግራፍ ያሳያል። በሐረር ዙሪያ ቀድሞ ቡና ከነበረባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ዛሬ ጫት የተተከለባቸው ናቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሐረማያ ሐይቅ ታሪክ ነው። ሐይቁ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚገኝ በመሆኑ፣ በዚያ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ያነሣው ነበር። ለብዙ ዓመታትም የሐረር የመጠጥ ውሃ የሚቀዳው ከዚያ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ በሞተር የሚሳበው ውሃ በዛ፤ ከተሞቹም የሚወስዱት ጨመረ፤ ከተራቈቱት ኮረብታዎች የሚታጠበው አፈር ደግሞ ወለሉን ሞላው። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ሐይቁ ፈጽሞ ደረቀ፤ ውሃ ከነበረበትም ስፍራ ከብት ተሰማራበት። ሐረርም ውሃዋን ከሩቅ ስፍራ በቧንቧ ማስመጣት ግድ ሆነባት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ቅርብ ዓመታት በሐይቁ ስፍራ ውሃ እንደገና ታይቷል።

ሐይቁ ሞልቶ በነበረ ጊዜ በዳርቻው ቆመው የተነሡ የመንገደኞች ፎቶግራፎች ያኔ የመዝናኛ መታሰቢያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ግን ውሃው የት ይደርስ እንደ ነበር፣ በዳርቻውም ምን ይበቅል እንደ ነበር የሚመሰክሩ ሰነዶች ሆነዋል። ለዚህ የሚያገለግለው ዘዴ ቀላል ነው። አሮጌው ፎቶግራፍ የተነሣበትን ስፍራ ፈልጎ፣ በዚያው ቆሞ፣ በዚያው ወር እንደገና ማንሣትና ሁለቱን ማስተያየት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ይህ ዘዴ ተሠርቶበታል። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ስፍራዎች ፈልገው በድጋሚ ሲያነሡ፣ የትግራይ ተራሮች በ1868 ከተገመተው ይልቅ የተራቈቱ እንደ ነበሩና በኋለኛው ዘመን የዛፉና የቊጥቋጦው ሽፋን በብዙ ስፍራ እንደ ተሻሻለ ተረዱ። ብዙ ሰው ሲያምነው የነበረው ግምት በፎቶግራፍ ተስተካከለ ማለት ነው። ይህም የተቻለው አሮጌዎቹ ፎቶግራፎች ቀናቸውና ስፍራቸው የሚታወቅ ስለ ነበረ ነው።

ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ፣ ከባቢሌ ወዲያ፣ የዳካታ ሸለቆ ይገኛል። በዚያ አንዱ ቋጥኝ በሌላው ላይ ተደግፎ ሲታይ የሰው እጅ ያስቀመጠው ይመስላል፤ ነገሩ ግን ነፋስ፣ ዝናብና የፀሐይ ሙቀት ለብዙ ዘመን የሸረሸሩት ዐለት ነው። እንግዶች ይህን ሸለቆ የሚያነሡት ባዶ ምድር አስመስለው ነው። እረኞችና ግመሎቻቸው በምስሉ ውስጥ ሲገቡ ግን ሁለት ጥቅም ይገኛል። የቋጥኙ ትልቅነት ይለካል፤ ምድሩም የሰው መሰማሪያ መሆኑ ይታወቃል።

ስለ ጽሑፉና ስለ ቀኑ

በጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባል፣ ጣራው በሥዕል ያጌጠ፣ ፎቅ ያለው ታላቅ የእንጨት ቤት አለ። መንገደኞች ሁሉ ያነሡታል፤ ከሥሩም ገጣሚው የኖረበት ቤት ነው ብለው ይጽፋሉ። ነገር ግን ራምቦ የሞተው በ1891 ሲሆን፣ ይህ ቤት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአንድ የሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። ዛሬ የድሮ ፎቶግራፎች ይታዩበታልና መጎብኘቱ የሚጠቅም ነው። ፎቶግራፉ ምንም ሐሰት የለበትም፤ ሐሰቱ ያለው ከሥሩ በተጻፈው ቃል ነው።

የቀንም ነገር እንዲሁ ነው። በፈረስ መጋላ ያለው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ከ1887 በኋላ፣ በግብጾች ጊዜ መስጊድ በነበረበት ስፍራ ላይ ነው። ስለዚህ የዚያ አደባባይ ምስል ዓመቱ ካልታወቀ የትኛውን ዘመን እንደሚያሳይ መናገር ያስቸግራል። በአዲሱ ከተማ በሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የተሠራው የራስ መኮንን የፈረስ ላይ ሐውልት ደግሞ በ2020 በተነሣው ሁከት ጊዜ ወድቋል። ከዚያ ዓመት በፊት የመጡት እንግዶች ያለ ብዙ አሳብ ያነሡት ምስል ዛሬ የጠፋ ነገር ሰነድ ሆኗል። አንድ ነገር እስኪጠፋ ድረስ የትኛው ፎቶግራፍ ተፈላጊ እንደሚሆን አይታወቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ጥቂት ነገር ብቻ የሚጠይቅ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ፤ የቆመበትን ስፍራና የተመለከተበትን አቅጣጫ ያመልክት። የስፍራውን ስም የአገሩ ሰው በሚጠራው ቃል ይመዝግብ። የሰውየው ፈቃድ ከሆነ ስሙንና ሥራውን ይጻፍ፤ ገንዘብ ከፍሎ ወይም ዕቃ አዛውሮ እንደ ሆነም አይሸሽግ። ዛሬ ካሜራው ቀኑንና ሰዓቱን በራሱ የሚመዘግብ ስለሆነ ከሥራው ግማሹ ተቃሏል። የስፍራውንና የሰዎቹን ስም ግን መሣሪያ አይጠይቅለትም።

የመጨረሻው ጉዳይ የመመለስ ነገር ነው። የሐረር የቀድሞ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ያሉት በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍትና በሰብሳቢዎች እጅ ነው። በጀጎል የተወለደ ወጣት የቅድመ አያቱን ሰፈር መልክ ለማየት ባሕር የተሻገረ መዝገብ መመርመር ይኖርበታል። ግልባጩ ለከተማዪቱ ቤተ መዘክሮች ቢሰጥ በውጭ ያሉት ምንም አይጎድልባቸውም፤ በከተማዪቱ ያሉ ሽማግሌዎች ግን በዝምታ የቆዩትን ምስሎች አይተው የቤቱን ባለቤት፣ የበሩን ስም፣ ምናልባትም የሰውየውን ዘር ሊናገሩ ይችላሉ። ይህ ሊሆን የሚችለው ደግሞ የሚያስታውሱት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ነው። በ1883 ዳቡላ ሲሠራ የተነሣውን ሰው ዛሬ የሚያውቀው የለም። ትናንት በመኪና ግርግር ሲሰፋ የተነሣውን ልብስ ሰፊ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስሙን ለመጻፍም ጠይቆ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል።